ማይነር ኮርድ ብቻውን አያስለቅስም

ውድ እህቴ፣

የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ እንደሆንሽ፣ ኪቦርድ እንደምትጫወቺና ለፊልም ሙዚቃ መሥራት እንደምትፈልጊ ጽፈሽልኛል። የጠየቅሽኝም ሁለት ነገር ነው። ለኀዘን፣ ለፍርሃትና ለፍቅር የትኛው መሣሪያና ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ይሆናል? ደግሞስ ሥራው እንጀራ ይወጣዋል ወይ?

«ለኀዘን ማይነር፣ ለደስታ ሜጀር» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ዳይሬክተር የሚፈልግሽ አንድ ድምፅ ሰውን ለምን እንደሚያስጨንቀው ካወቅሽ ነው።

እስቲ ኪቦርድሽ ላይ ከታች በኩል ሚ እና ፋን እያፈራረቅሽ ምቺ። መጀመሪያ ቀስ በይ፣ ከዚያ አፍጥኚው። የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ጆን ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1975 በ«ጆውስ» ፊልም የሻርኩን መምጣት የነገረን በእነዚህ ሁለት ኖታዎች ነው። በመካከላቸው ግማሽ ድምፅ ብቻ አለ፤ ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ቁልፎች ናቸው። ፍጥነቱና ጉልበቱ ሲጨምር ሻርኩ ሳይታይ እንኳ የቀረበን ይመስለናል።

ሌላው የፊልም ሙዚቃ ደራሲ በርናርድ ኸርማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ» ለተባለው አስፈሪ ፊልም የተጠቀመው ባለ ክር መሣሪያዎችን ብቻ ነው። ጥሩምባም ከበሮም የለበትም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ሙዚቃውም አንድ ቀለም እንዲኖረው ፈልጎ ነው። ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ሴትየዋ ሻወር ውስጥ የምትገደልበትን ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ነበር ያሰበው። ኸርማን ግን ሠርቶ አሰማውና ሐሳቡን አስቀየረው። በፍቅር ፊልም ሆድ የሚያባባው ቫዮሊን እዚያ ጩኸት ሆነ። መሣሪያው ያው ነው። የተለወጠው ከፍታው፣ አመታቱና እርስ በርሱ የሚጋጨው ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጆሮ እንምጣ፤ ትልቁ ሀብትሽ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት ውሰጂ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በ«ሜጀር ደስታ ነው» ሕግ ከሄድን ደስ ደስ ሊለን ነበር። ለእኛ ግን ናፍቆት ነው። አንቺ ሆዬ ቅኝት ውስጥም እንደ «ጆውስ» ግማሽ ድምፆች አሉ፤ እኛ ግን ስንሰማው የሚታወሰን ሠርግ ነው። በገና ደግሞ ከየትኛውም ትዕይንት ጋር ብታስገቢው ዐቢይ ጾምንና ጸሎትን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የምትሠሪው ለማን ጆሮ እንደሆነ ቀድመሽ እወቂ።

ሃርመኒ ላይ፣ ማለትም ከዜማው ሥር ኮርድ ስታስገቢ፣ ደግሞ አትቸኩዪ። ብዙ ወጣቶች ቅኝቱን በኮርድ ያፍኑታል። አንድ የትዝታ ዜማ ያዢና ከሥሩ ዶ ሜጀርን አስገቢ፤ ከዚያ ዜማውን ሳትነኪ ላ ማይነርን ሞክሪ። ኀዘኑ ወዲያው ይጠልቃል። ሦስተኛው ላይ ኮርዱን ተዪውና አንድ ኖታ ብቻ ከሥር አስረዝሚ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ ለተዋናዩ ድምፅም ቦታ ይተዋል።

ይህንኑ ወደ ሥራ ማሳያ ቀይሪው። የፊልም ትምህርት የሚማር ልጅ ፈልጊና ሁለት ደቂቃ የምትሆን፣ ንግግር የሌላት ትዕይንት ተቀበይ። ሦስት ዓይነት ሙዚቃ ሥሪላት፤ አንዱ አብዛኛው ዝምታ ይሁን። ከተቻለሽ ማሲንቆ ተጫዋች ፈልጊና የእውነተኛውን ማሲንቆ ድምፅ ቅረጪ። ከኪቦርድ የሚወጣው ማሲንቆ የደጋኑን ትንፋሽ አይሰጥሽም። አዲስ ሶፍትዌር መግዛቱ ይቆይ።

እንጀራውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ላይ በፊልም ብቻ መኖር ይከብዳል። ማስታወቂያ፣ ዘጋቢ ፊልምና አጫጭር ፊልሞች ናቸው በር የሚከፍቱት። አካውንቲንጉንም ጨርሺው፤ ዋጋ ስትደራደሪ ይጠቅምሻል። እባክሽ ከመጀመሪያዋ ሥራ ጀምሮ ውል በጽሑፍ ያዢ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ሥራን ይጠብቃል። ውሉ ላይ ሙዚቃው የማን እንደሚሆን፣ ለሌላ ፊልም መጠቀም ይቻል እንደሆነና ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም በግልጽ ይጻፍ። ሙዚቃውን ካስረከብሽ በኋላ ይህን ማንሳት በጣም ይከብዳል።