መጀመሪያ የደረሰውን እዪ፣ ምግቡን ከዚያ ምረጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ አራት ነገር ይዟል፦ በአካባቢሽ መቼ ምን እንደሚደርስ እንዴት ይታወቃል፣ ቅጠላ ቅጠል ለምን በሁለት ቀን ይጠወልጋል፣ የቲማቲም ስጎ ለምን ውሃ ይሆናል፣ ሲበዛስ ሳይበላሽ እንዴት ይቀመጣል። ሁሉም ከአንድ ልማድ የሚነሱ ይመስለኛል። የምትሠሪውን ቤት ወስነሽ፣ ዝርዝር ይዘሽ ነው የምትወጪው። በወቅቱ ምርት ለሚያበስል ሰው ግን አካሄዱ ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ምን እንደደረሰና በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ይታያል፣ አበሳሰሉ ከዚያ ይመረጣል። አንድ አትክልት ወቅቱ ሲገባ፣ ሲበረታና ሲወጣ ያው አትክልት አይደለም፤ ውሃውም፣ ጣፋጭነቱም፣ ጥንካሬውም ይለያያል።

ወቅቱ መድረሱ በገበያው ላይ ይነበባል። አንድ ምርት ብዙ ሻጮች ጋ በአንዴ ከታየ፣ ትልቁ ከትንሹ ጠማማው ከቀጥታው ሳይለይ ተቀላቅሎ ከቀረበ፣ ዋጋውም በየሳምንቱ ዝቅ እያለ ከሄደ ወቅቱ በርትቷል። ጥቂቶች ብቻ ይዘውት፣ መጠኑ ሁሉ እኩል ሆኖ፣ ከተወደደም ወይ ገና እየገባ ነው ወይ ከሩቅ የመጣ ነው። ሻጩን "ትኩስ ነው?" ብለሽ አትጠይቂ፤ መልሱ ምንጊዜም አዎ ነው። "መቼ ተለቀመ?" በዪ፣ ከዚያ የተቆረጠበትን ቦታ እዪ። የጥቅል ጎመኑ ግንድ ወይም የሰላጣው ሥር እርጥብና ነጣ ያለ ከሆነ በቅርቡ የተቆረጠ ነው፤ ቡኒ ሆኖ ከደረቀ ቀናት አልፈውታል። ፎሶሊያን እጠፊው፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረና እንደ ገመድ ከተጠመዘዘ ተዪው። ያየሽውን ምርት መጀመሪያና መጨረሻ የታየበትን ቀን በደብተር ጻፊ። ከፍታና ዝናብ በአጭር ርቀት እንኳ ስለሚለያይ፣ በዓመቱ የምታገኚው ዝርዝር ከየትኛውም የታተመ ሠንጠረዥ ይልቅ ለአንቺ ሰፈር ይስማማል።

ለመጀመር የምመክርሽ የበቆሎ እሸት ነው። ቅርበት ለጣዕም ምን እንደሚያደርግ እንደ እሱ በግልጽ የሚያሳይ የለም፤ ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ በፍሬው ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ስታርች ይለወጣል፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ጠዋት የተቆረጠውን ማታ መብላትና በሦስተኛው ቀን መብላት በፍጹም አይገናኙም። ስትገዢ ጫፉ ላይ ያለው ጸጉር ደርቆ ቡኒ ሆኖ፣ የሸፈነው ቅጠል ግን አረንጓዴና እርጥብ መሆኑን እዪ። ከዚያ አንድ ፍሬ በጥፍርሽ ውጊ። ጥርት ያለ ውሃ ከወጣ ገና ነው። ወተት የመሰለ ከወጣ ልኩ ነው፤ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ሲቆይ ይጠነክራል። እንደ ሊጥ ከሆነ ለመጋጥ አይሆንም፣ ለሾርባ ግን ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው፦ በቆሎውን አቁመሽ የፍሬውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ በቢላ ላጪ፣ ከዚያ በቢላው ጀርባ ቆረቆንዳውን ከላይ ወደ ታች ፋቂ። የሚወጣው ወፍራም ወተት ሾርባውን ያለ ዱቄት ያወፍረዋል። ቆረቆንዳውንም አትጣዪው፤ በ1 ሊትር ተኩል ውሃ 30 ደቂቃ ቀቅለሽ ስታወጪው መረቅ ይሆንሻል። እስክታበስዪው ድረስ ቅጠሉን ሳትገፍፊ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። የአተር እሸትም እንዲሁ ነው፤ ባይፈለፈል ይሻለዋል፣ ሲፈለፈል ደግሞ ወዲያው ይበሰል።

ወደ ስጎው ልምጣ። ከቲማቲም ክብደት 94 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ያን ውሃ በጠባብና ጥልቅ ድስት፣ ክዳን ደፍተሽ፣ በ15 ደቂቃ ልታወጪው አትችዪም። ለ1 ኪሎ በደንብ የበሰለ ቲማቲም ቢያንስ 28 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መጥበሻ ያዢ፤ የቲማቲሙ ጥልቀት ከ3 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ነው ነገሩ። ከታች በኩል መስቀለኛ ጫር አድርገሽ በሚፈላ ውሃ ከ30 ሴኮንድ እስከ 1 ደቂቃ ንከሪውና ወደ ቀዝቃዛ ውሃ አዛውሪው፣ ልጣጩ በእጅ ይወጣል። በወገቡ ከሁለት ክፈዪና ፍሬውን በወንፊት ላይ ጨምቂ። ወደ ሳህኑ የወረደው ፈሳሽ ብዙ ጣዕም ስላለው እንዳይደፋ፤ ለብቻው በሰፊ መጥበሻ አንድ ሦስተኛ እስኪቀር አፍዪውና በኋላ ስጎው ላይ ጨምሪው።

ከዚያ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሙቂ፣ የተከተፈ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ሳይጠቁር 1 ደቂቃ አቁላዪ፣ ቲማቲሙንና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረሽ ያለ ክዳን በመካከለኛ እሳት ከ35 እስከ 45 ደቂቃ አንተክትኪ። በመጨረሻው 10 ደቂቃ እሳቱን ቀንሺና ሳታቋርጪ አማስዪ፤ የሚያርረው ያኔ ነው። መድረሱን ለማወቅ ማንኪያውን በመጥበሻው ወለል ላይ ጎትቺ፤ የተከፈተው መንገድ 2 ወይም 3 ሴኮንድ ሳይዘጋ ከቆየ ደርሷል። ጥቂት ሳህን ላይ ጠብ አድርጊና ዙሪያውን ውሃ ከለቀቀ ግን ገና ነው። ከ1 ኪሎ ከ350 እስከ 400 ግራም ካገኘሽ ልክ ነሽ። ስኳር በመጀመሪያ አትጨምሪ፤ ውሃው ሲያልቅ ጣፋጩም ኮምጣጣውም አብረው ይጠነክራሉና ፍርዱን ለመጨረሻው አቆዪው።

ብዙ ጊዜ ስጎው የሚጎመዝዘው ቲማቲሙ ስላልበሰለ ነው። እንዲህ ያለውን እንብርቱን ወደ ታች ደፍተሽ ከፍሪጅ ውጪ ጥቂት ቀን አቆዪው። ከ10 ወይም 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ያለ ቅዝቃዜ የቲማቲምን ሽታና ጣዕም ይገድላል፤ ፍሪጅ የሚገባው ፈጽሞ በስሎ እንዳይበሰብስ የምታዘገዪው ብቻ ነው። ወቅቱ ሲወጣ የሚመጣው የተሰነጠቀ ቲማቲም ለስጎ ጥሩ ነው፣ ስንጥቁን ቆርጠሽ በዚያው ቀን ሥሪው። የሻገተ ከሆነ ግን ቆርጦ ማዳን የለም፣ ሙሉውን ጣዪ። ድንች ወይም ባቄላ ከቲማቲም ጋር አልበስል ካለሽም ምክንያቱ አሲዱ ነው፤ አሲድ ባለበት አትክልት ቶሎ አይለሰልስም። መጀመሪያ ለብቻቸው ይብሰሉ፣ ቲማቲሙ ከዚያ ይግባ።

ቅጠላ ቅጠልሽ የሚጠወልገው ውሃው ስለሚተን ነው፤ ቢጫ የሚሆነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከበሰለ ሙዝ፣ ፖም፣ አቮካዶ ወይም ማንጎ አጠገብ ስለተቀመጠ ነው። እነዚህ ፍራፍሬዎች ኢትሊን የሚባል ጋዝ ይለቅቃሉ፣ እሱም ቅጠሉን ያስረጀዋል። እቤት እንደደረስሽ የታሰረበትን ፍቺ፣ የላሸቀውን ለይተሽ ጣዪ፣ ሳታጥቢ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ በተበሳሳ ፌስታል አድርጊና ፍሪጅ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ አስገቢ። አስቀድሞ ማጠብ ነው ብዙ ሰው የሚያጠፋው፤ የቀረው እርጥበት ቶሎ ያበሰብሰዋል። የጠወለገ ግን ያልላሸቀ ቅጠል የግንዱን ጫፍ ቆርጠሽ በቀዝቃዛ ውሃ 30 ደቂቃ ብትነክሪው ይነቃል። ካሮትና ቀይ ሥር ቅጠላቸው ከሥሩ ውሃ ስለሚስብ ወዲያው ይለይ፤ የቀይ ሥሩን 2 ሳንቲ ሜትር ግንድ አስቀሪለት፣ አለዚያ ሲቀቀል ቀለሙን ይለቅቃል። ቅጠሉም እንደ ቆስጣ ይበስላል።

ቆስጣ ስታበስዪ ግንዱን ለይተሽ ከ4 ወይም 5 ደቂቃ በፊት አስቀድሚ። ጨው መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ድስት ሙሉ የነበረው እፍኝ ሲሆን በመጀመሪያው ግምት የተጨመረ ጨው ይበዛበታል። ሎሚም ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፣ አሲድ አረንጓዴውን ቀለም ወደ ጭቃማ ይለውጠዋል።

ሲበዛብሽ የመጀመሪያ ምርጫሽ ፍሪዘር ይሁን። ቅጠሉን በሚፈላ ውሃ 2 ደቂቃ፣ ፎሶሊያን 3 ደቂቃ ቀቅዪ፣ ወዲያው ለዚያኑ ያህል ጊዜ በበረዶ ውሃ አቀዝቅዢ፣ አድርቂ፣ በትሪ ላይ ዘርግተሽ ፍሪዘር አስገቢ፣ በረዶ ሆኖ ሲጠነክር ወደ ፌስታል ቀይሪና አየሩን አስወጪ። ይህን ቅድመ መቀቀል የዘለለ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድርቆሽ ድርቆሽ የሚል ነገር ያገኛል፤ ቅዝቃዜ የአትክልቱን ኢንዛይም ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

ጥቅል ጎመን በጨው ብቻ ሊቦካ ይችላል። ያጸዳሽውን መዝኚና የክብደቱን 2 በመቶ ጨው ጨምሪ፣ ማለትም ለ1 ኪሎ 20 ግራም። በማንኪያ አትስፈሪ፤ ደቃቁና ሻካራው ጨው በአንድ ማንኪያ እኩል አይመዝኑም። በስሱ ከትፈሽ ውሃ እስኪያወጣ 10 ደቂቃ እሺው፣ በጠርሙስ ጠቅጥቂ፣ ውሃው ከላይ 2 ሳንቲ ሜትር እንዲሸፍነው ክብደት ጫኚበት። ክዳኑን አጥብቀሽ አትዝጊ፤ ጋዝ ይወጣል። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለበት ቦታ አስቀምጪና ከ7ኛው ቀን ጀምሮ ቅመሺ፤ ሲስማማሽ ፍሪጅ አስገቢ። በማግሥቱ ውሃው ካልሸፈነው 20 ግራም ጨው በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አሟሚና ጨምሪ። ከለሰለሰ ሙቀቱ በዝቷል ወይም ጨው አንሷል። በላዩ ቀጭን ነጭ ሽፋን ቢታይ ይገፈፋል፤ ጸጉራም ሻጋታ ከወጣበት ሁሉም ይጣላል።

ይህን ግን አደራ፦ ፎሶሊያ፣ በቆሎ፣ ቅጠል ወይም አተር በጠርሙስ አሽገሽ በሚፈላ ውሃ ቀቅለሽ ከፍሪጅ ውጪ አታስቀምጪ። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር በ100 ዲግሪ አይሞትም፤ አየር በሌለበትና ፒኤች (የአሲድ መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ ያንሳል) ከ4.6 በላይ በሆነ ምግብ ውስጥ ይራባል፣ መርዙም በጠረንም በቀለምም ላይታወቅ ይችላል። በዘይት የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርትም ያው ነው። ቲማቲም በድንበሩ ላይ ስለሆነ ስጎውን አታሽጊው፣ በፍሪዘር አቆዪው።

ዱባ ቀላሉ ነው። ጥፍር የማይበሳው ልጣጭና ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ግንድ የቀረለትን ምረጪ፤ ግንዱ የወለቀ ከዚያው በኩል ይበሰብሳል። ደረቅና አየር የሚገባበት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ ወራት ይቆያል።

ዱር የሚበቅለውን መሞከር እንደምትፈልጊም ጠቅሰሻል። በሳማ ጀምሪ፣ በቀላሉ ከሌላ አይምታታም። ከማበቡ በፊት የላይኛውን 4 ወይም 6 ቅጠል ብቻ በጓንት ልቀሚ፣ በሚፈላ ውሃ 2 ደቂቃ ሲቆይ መለብለቡ ይጠፋል፣ ከዚያ እንደ ቆስጣ ሥሪው። ከመኪና መንገድ ዳርና መድኃኒት ከተረጨ ማሳ ጠርዝ አትልቀሚ። እንጉዳይን ግን ከፎቶ አይተሽ አትልቀሚ፤ የአንዳንዱ ገዳይ እንጉዳይ መርዝ በመቀቀልም በመጥበስም አይጠፋም፣ ሕመሙም የሚጀምረው ከተበላ ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። እሱን ከሚያመርት ሰው ግዢ።