መልስ፦ ካርሲኖይድ ሲንድረም ሲጠረጠር በአካል ምርመራ ምን ይፈለጋል?

ወንድሜ፣ ካርሲኖይድ ሲንድረም የተጠረጠረበትን ታካሚ ስትመረምር ምን ላይ እንደምታተኩር ጠይቀሃል። ካርሲኖይድ ሲንድረም ማለት ሴሮቶኒንን የመሳሰሉ ኬሚካሎችን ወደ ደም የሚለቅ ዕጢ የሚያመጣቸው ምልክቶች ስብስብ ነው። ብዙ ተማሪ የፊት መቅላትን ብቻ ይጠብቃል። ፊት፣ አንገትና የላይኛው ደረት መቅላታቸው ዋና ምልክት ነው፤ ግን መጥቶ ይሄዳል። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ድንገት ሙቀት ይሰማው እንደሆነ ጠይቀው። በሽታው ከቆየ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጣሉ።

አደራ የምልህ ግን ልብ ላይ ጊዜ ወስደህ አዳምጥ። ዕጢው የሚለቀው ሴሮቶኒን የልብ ቫልቮችን ይጎዳል፤ ሳንባ ሴሮቶኒንን ስለሚያመክነው ግን ጉዳቱ በአብዛኛው የቀኝ ልብ ላይ ነው። ስቴቶስኮፕህን ከደረት አጥንቱ በስተግራ፣ ታችኛው ጠርዝ ላይ አድርግ። ታካሚው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ መርመሩ (ደም ሲያልፍ የሚሰማው ያልተለመደ የልብ ድምፅ) ከጎላ፣ በቀኝ ልብ ላይኛና ታችኛ ክፍል መካከል ያለው ትራይከስፒድ ቫልቭ ደም እየመለሰ ሊሆን ይችላል። ያኔ የአንገት ደም ሥሩ መወጠሩን፣ እግሩ ማበጡን፣ ጉበቱም ከልብ ጋር አብሮ መምታቱን ተመልከት።

ጉበቱ ትልቅና ጎርባጣ ከሆነ ዕጢው ወደዚያ መዛመቱን ጠርጥር። ሳንባ ላይ ፉጨት መሰል ድምፅ ሊኖር ይችላል። ፀሐይ የሚያገኘው ቆዳ ጠቁሮና ሻክሮ ካየህ ፔላግራን (የኒያሲን ማለትም የቫይታሚን ቢ3 እጥረት በሽታን) አስብ፤ ኒያሲን የሚሠራበትን ትሪፕቶፋን የተባለ አሚኖ አሲድ ዕጢው ለሴሮቶኒን ይሻማዋል።

ምርመራህ ባዶ ቢሆንም ጥርጣሬህን አትጣል፤ የ24 ሰዓት ሽንት ለ5-ኤችአይኤኤ (ሴሮቶኒን ሲፈርስ ለሚወጣው ንጥረ ነገር) ምርመራ ላክ።