የመሪ ዘይት በቀለም አይገዛም

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። የ1998 ሞዴል ኮሮላ አለኝ። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት መሪው ይከብደኛል፤ ስጠመዝዘውም ያቃስታል። ከፍቼ ሳየው የመሪ ዘይቱ ቀንሷል። መለዋወጫ ሱቅ ስሄድ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ቢጫ ዘይት አወጣልኝ። ጎረቤቴ ደግሞ «ፍሬን ዘይት ጨምሪበት፣ ያው ነው» ይለኛል። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጎረቤትዎ ምክር ልጀምር። እባክዎ ፍሬን ዘይት እንዳያስገቡ። በፍጹም ያው አይደለም። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕና የመሪው ራክ (የመሪውን ዙር ለፊት ጎማዎች የሚያደርሰው ክፍል) ውስጥ ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች (ኦይል ሲሎች) ፍሬን ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይላላሉ። መጀመሪያ ምንም አይታወቅም፤ በኋላ ግን በየቦታው ማንጠባጠብ ይጀምራል። ተሳስቶ የጨመረ ሰው ካለ ሞተሩን ሳያስነሳ ጋራዥ ይጥራ። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ መታጠብ አለበት።

ወደ ቀዩና ቢጫው እንምጣ። ቀለም ማቅለሚያ ነው፤ ዓይነቱን አይነግርዎትም። ለምሳሌ ለአዳዲስ የቶዮታ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች የሚሆነው ደብሊውኤስ የሚባለው ዘይትም ቀይ ነው፤ ግን ቀጭን ስለሆነ ለእርስዎ መሪ አይሆንም። ትክክለኛውን የሚነግርዎት የመሪ ዘይቱ ማጠራቀሚያ ክዳንና የመኪናው መጽሐፍ ነው። በዘይት የሚሠራ መሪ ያለው የእርስዎ ዘመን ኮሮላ የሚፈልገው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚባለውን ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት) ነው። ክዳኑን ጠርገው ያንብቡ፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ለሻጩ ያሳዩት። «ለሁሉም መኪና ይሆናል» የሚል ጠርሙስ ላይ ዴክስሮን 3 የሚል ጽሑፍ ካላዩ ይተዉት።

አንድ ነገር ልጨምር። የዴክስሮን ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ለዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠት ያቆመው በ2006 መጨረሻ ነው። ዛሬ ጠርሙሱ ላይ «ዴክስሮን 3» የሚለው አምራቹ ራሱ የሚሰጠው ቃል ነው። ስለዚህ ስሙን የማያውቁትን ርካሽ ዘይት አይግዙ። የሚታወቅ አምራች፣ ክዳኑ ያልተነካ፣ ከሚያምኑት ሱቅ ይሁን።

ሌላ መኪና የያዛችሁም ይህን ለራሳችሁ አትውሰዱት። ሆንዳ የራሱን የመሪ ዘይት ይፈልጋል። አንዳንድ ቮልስዋገኖች ሲኤችኤፍ 11ኤስ የሚባለውን አረንጓዴ ዘይት ይወስዳሉ። አብዛኞቹ ቪትዞች መሪያቸው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ የመሪ ዘይት የሚባል ነገር የላቸውም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። የመሪ ዘይት እንደ ነዳጅ እየነደደ አያልቅም። ከቀነሰ የሆነ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው። ጠዋት መክበዱን ብርድ ነው እንዳልል፣ የአዳማ ጠዋት ዘይት የሚያወፍር ብርድ የለውም። እኔ የምጠረጥረው ዘይቱ ጎድሎ ፓምፑ አየር መሳቡን ነው። ድምፁን ደህና አድርገው ያዳምጡ። የሚያቃስት ወፍራም ድምፅ ከሆነ አየር ነው። ሞተሩ ሲነሳ ወይም ሲታጠፉ የሚጮህ ቀጭን ሲጥታ ከሆነ ግን ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል ወይም አርጅቷል፤ ዘይት ቢጨምሩም አይድንም።

ነገ ጠዋት ሞተሩን ሳያስነሱ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ልኩን ማጠራቀሚያው ላይ ባለው «ኮልድ» (ቀዝቃዛ) በሚለው ምልክት ይዩ። ከሰዓት ፀሐይ ላይ ከቆመ በኋላ ያየነው ልክ ያታልላል፤ ዘይቱ በሙቀት ከፍ ይላል። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ዙሪያውን በጨርቅ ይጥረጉ። አቧራችን ፓምፕ ይበላል። ጠብታ ወስደው ነጭ ሶፍት ላይ ያድርጉት። ጥቁር ከሆነና የተቃጠለ ከሸተተ መጨመር ብቻ አይበቃም፣ መቀየር አለበት። አረፋ ካለው አየር ገብቷል። የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ፓምፑ እየተበላ ነው፤ ይህን ለነገ አያሳድሩት።

ከጨመሩ በኋላ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቶ፣ ከስር በማቆሚያ ደግፎ፣ ሞተር ሳይነሳ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያሉ ደጋግሞ ማዞር አየሩን ያስወጣል። ዳር ሲደርስ ግን አጥብቀው አይያዙት። ብቻዎን ከሆኑ ለመካኒክ ይስጡት።

በመጨረሻ ልኩን በማርከር ምልክት ያድርጉበትና ከሳምንት በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት ይዩት። ከወረደ ሁለተኛ ጠርሙስ አይግዙ። መኪናውን አምጡት፤ የቱቦዎቹን መጋጠሚያ፣ የፓምፑን ኦይል ሲልና የራኩን የጎማ ሽፋኖች አይተን የሚፈስበትን እንዘጋለን።