ከሰው አገር ምን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ? ለወጣት ሰዓሊዎች

ልጆቼ፣

ሥዕል ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከምትጠይቁኝ ሁሉ ቶሎ ቶሎ የሚመጣው ይሄ ነው፦ «ከውጭ ሰዓሊዎች ብወስድ የራሴን አላጣም ወይ?» በአንድ ቃል የምመልሰው አይደለም። ስለዚህ ስለምወደው ሰዓሊ ልጻፍላችሁ። ሶህራብ ሴፔህሪ ይባላል፤ ኢራናዊ ነው።

አገሩ ውስጥ ይበልጥ የሚታወቀው በገጣሚነቱ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሥዕሉ ነው። የተወለደው በ1928 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያደገው በረሃ ዳር ባለችው በካሻን ከተማ ነው። ቴህራን ሥነ ጥበብ ተምሮ በ1953 ተመረቀ። በ1957 ፓሪስ ሄዶ የድንጋይ ህትመት፣ ሊቶግራፊ የሚሉትን ተማረ። እስከዚህ ድረስ ብዙ የዘመኑ ልጆች የሄዱበት መንገድ ነው። በ1960 በቴህራን ቢዬናሌ፣ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን፣ አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ደግሞ ቶኪዮ ገባ።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ስሙ የተነሣ፣ የተሸለመ ሰው ነው። ጃፓን የሄደው ኤግዚቢሽን ሊያሳይ አልነበረም። መሮ ይዞ እንጨት መቅረጽ ሊማር ነው። ከሀ ሊጀምር።

የጃፓን የእንጨት ህትመት እንዴት እንደሚሠራ ካላያችሁ የዚህ ሰው ሥዕል ግማሹ ያመልጣችኋል። ጣውላው ላይ ንድፉ ይለጠፋል። ቀለም እንዲይዝ የምትፈልጉት መስመር ይቀራል፤ ሌላው በመሮ እየተቀረፈ ይወጣል። የተቀረፈው ቦታ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ልብ በሉ፤ ቀኑን ሙሉ እጃችሁ የሚደክመው መስመሩን በመሥራት አይደለም። በመስመሩ ዙሪያ ያለውን ባዶ በመሥራት ነው። በዘይት ቀለም ስትሠሩ ያልጣማችሁን ትደርቡበታላችሁ። እንጨት ላይ ግን አንዴ የወጣ አይመለስም። ሲያልቅ በውኃ የሚበጠበጥ ቀለም በብሩሽ ይቀባል፣ ወረቀት ይነጠፍበታል፣ ከዚያ ባረን በምትባል ክብ ማሻሻ በእጅ ይታሻል። ማሽን የለም።

አሁን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሠራቸውን የዛፍ ግንዶች ፈልጋችሁ ተመልከቱ። ግንድ ብቻ ነው። ጫፉም ሥሩም የለም፤ የሸራው ጠርዝ ቆርጦታል። አመድማ፣ ቡናማ፣ የአፈር ቀለም። በሰፊ ብሩሽ አንዴ የተሳበ፣ ያልተነካካ። ጎኑ ላይ ምንም ማለት ይቻላል ያልተቀባ ሰፊ ቦታ አለ። ትንሽ ቆይታችሁ ስታዩት ዛፍነቱ ይጠፋና ቋሚ ቅርጾችና በመሐላቸው ያለው ክፍተት ብቻ ይቀራል። ከዚህ አልፎም ጨርሶ አብስትራክት የሆኑ፣ ማለት ምንም የሚታወቅ ነገር የማያሳዩ፣ በጂኦሜትሪ ቅርጾች የቆሙ ሥራዎች አሉት።

ጃፓን የት አለ ታዲያ? የፉጂ ተራራ የለም። የቼሪ አበባ የለም። ቀለሙ የካሻን ምድር ነው። ከቶኪዮ ያመጣው ማስቀረትን ነው፤ ምን እንደማይሳል ማወቅን።

ከናንተ ብዙዎቹ የምታደርጉት የዚህን ተቃራኒ ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው። ስልካችሁ ላይ አንድ ሥራ ታያላችሁ። ቀለሙን፣ ቅርጹን፣ ስታይሉን ታነሣላችሁ። ሰውየው እዚያ ለመድረስ እጁን በምን እንዳሠለጠነ ግን አትጠይቁም። መልኩ ቶሎ ይገለበጣል፤ ቶሎም ይሰለቻል። እባካችሁ አሠራሩን ተማሩ።

«ይሄ ምኑ የኛ ነው?» የሚሏችሁም አሉ። አትደንግጡ። በሴፔህሪ ዘመን በ1960ዎቹ ቴህራን ውስጥ ሳቃኻኔ የተባለ እንቅስቃሴ ነበር። እነ ሆሴይን ዘንዴሩዲና ፓርቪዝ ታናቮሊ ከሕዝቡ የሃይማኖት ምልክቶችና ከፊደል ቅርጽ ተነሥተው ትልልቅ ሥራ ሠሩ። አከብራቸዋለሁ። ሴፔህሪ ግን በሌላ በር ገባ፤ እሱም ከማንም ያላነሰ ኢራናዊ ነው።

ደግሞ ከፋርስ፣ ከዛሬዋ ኢራን፣ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ አዲስ አልነበረም። በ1419 የተነሣ የቲሙሪዶች፣ ያኔ ፋርስን ይገዙ የነበሩት ነገሥታት፣ መልእክተኛ ቡድን ዛሬ አፍጋኒስታን ውስጥ ካለችው ከሄራት ወደ ቻይና ሲጓዝ ጊያስ አል ዲን የተባለ ሰዓሊ አብሮ ነበር፤ ያየውንም በማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ከዚያም በፊት ከሞንጎሎች ወረራ በኋላ የቻይና ዘንዶና ደመና በፋርስ ሥዕልና ሸክላ ላይ ገብቷል። በአንጻሩ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የቻይና ሸክላ ሠሪዎች ለዚያ ዝነኛ ሰማያዊ ጌጣቸው ከኢራን የሄደ ኮባልት የተባለ ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ ማዕድን ይጠቀሙ ነበር። ካሻን አጠገብ ያለችው ቃምሰር ደግሞ በኮባልቷ የታወቀች ናት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

«እኛ የት አባታችን ቶኪዮ እንሄዳለን?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። ግን ሰውየው ጃፓንን ከመርገጡ 5 ዓመት በፊት፣ በ1955፣ የጃፓን ግጥሞችን ተርጉሞ መጽሔት ላይ አሳትሟል። ጉዞው የጀመረው ጠረጴዛው ላይ ነው። ደግሞ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝተኛ ነበር፤ ከዚያ የወጣው በ1964 ነው። ቢሮ እየገባችሁ ማታ ማታ የምትስሉ ልጆች፣ ጊዜ ባከነብን ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። እሱ በ1980 በደም ካንሰር ሲሞት ገና 51 ዓመቱ ነበር። በዚያ አጭር ዕድሜ ግንዶቹን እየደጋገመ ሣለ። እናንተ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከሣላችሁ «ይሄንንማ ሠርቼዋለሁ» ትላላችሁ።

እንግዲህ ከዚህ ሳምንት ጀምሩ። ሰፈራችሁ ውስጥ በየቀኑ የምታልፉበትን አንድ ዛፍ ምረጡ። ስልኩን ኪሳችሁ ከታችሁ ቆማችሁ ንደፉት። ከዚያ ለስላሳ ጣውላ ፈልጋችሁ ቅረጹት፤ አናጺ ቤት የተረፈ ቁራጭ አይጠፋም። መሮው የተሳለ ይሁን፤ የደነዘ መሮ እጅ ይቆርጣል። ሌላኛውን እጃችሁን ከስለቱ ፊት አታድርጉ። ባረን ስለሌለ አትጨነቁ፤ የእንጨት ማንኪያ ጀርባ በደንብ ያትማል።