በዶክመንተሪ ቁራጭ ምድርንና ጠፈርን ማስተማር፦ ከድሬዳዋና ከሐረር መምህራን ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (መምህርት፣ ሳቢያን)፦ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። የ50 ደቂቃ ዶክመንተሪ እንዴት ላስገባ?

አታስገቢው። አንድ ሐሳብ ብቻ የያዘ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ቁራጭ ምረጪና መነሻና መድረሻ ሰከንዱን ደብተርሽ ላይ ጻፊ። የኤርታሌን የላቫ ሐይቅ ቀረጻ እንውሰድ። ከመክፈትሽ በፊት ሰሌዳው ላይ «ጥቁሩ ቅርፊት የት ይሰነጠቃል? የትስ ይሰምጣል?» ብለሽ ጻፊ። መጀመሪያ ያለ ድምፅ ይዩት፤ ከዚያ 3 ደቂቃ ስጪያቸውና ያዩትን ይሳሉ፤ በሁለተኛው ዙር ቅርፊቱ ሲሰነጠቅና ቀዩ ሲወጣ እያቆምሽ አሳዪ። ሁሉም ነገር 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጥያቄውን ከፊልሙ በኋላ ካመጣሽው «እሳት አየን» ከማለት አያልፉም።

ቪኤልሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ካለሽ የእይታ ሜኑ ውስጥ ገብተሽ ተጨማሪ መቆጣጠሪያዎቹን አውጪ። ከነሱ አንዱን ቁልፍ መነሻው ላይ አንዴ፣ መድረሻው ላይ አንዴ ስትጫኚው ያንኑ ቁራጭ እየደጋገመ ያሳያል። የመቀነስ ምልክቱ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ጥያቄ (መምህር፣ መጋላ)፦ አቦ፣ ትረካው እንግሊዝኛ ነው፤ ይሮጣል። ክፍሌ ውስጥ ቤቱ ኦሮምኛ የሚያወራ አለ፣ ሶማሊኛም አለ። እየተረጎምኩ ላስኬደው?

ድምፁን ዝጋውና አንተ ተርክ። በምስሉ ላይ እየተረጎምክ ስትሮጥ ልጆቹ ወይ አንተን ይሰማሉ ወይ ምስሉን ያያሉ፤ ሁለቱንም አያደርጉም። የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርትን ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፦ ቴሌቪዥኑ አይቆምም፣ አስተማሪው ይቆማል። አምስት ስድስት ቃል አስቀድመህ ሰሌዳ ላይ አስፍርና ተማሪዎቹ በየቋንቋቸው ምን እንደሚሉት ጠይቃቸው።

ጥያቄ (መምህር፣ ሐረር)፦ ፊልሙ «አፍሪካ ለሁለት እየተከፈለች ነው» ይላል። ተማሪዎቼ «ድሬ መቼ ወደብ ትሆናለች?» እያሉ ይስቃሉ። ምን ልበላቸው?

ቁጥሩን ይስጧቸው። አፋር ላይ የሚገናኙት ሦስት ፕሌቶች (የምድር ቅርፊት ግዙፍ ቁራጮች) ናቸው፦ ኑቢያ፣ ሶማሊያና ዓረቢያ። የዓረቢያው ከሁለቱ በዓመት 2 ሴንቲሜትር ገደማ ይርቃል፤ ኑቢያና ሶማሊያ ግን የሚለያዩት በዓመት ከ1 ሴንቲሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው። ባሕሩ የሚሊዮኖች ዓመት ጉዳይ ነው።

የክፍል ሥራ ከፈለጉ ደግሞ አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ የሆነውን ይውሰዱ። መስከረም 1998 ዓ.ም. ላይ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም መስመር ማግማ (የቀለጠ ዓለት) ከሥር ገብቶ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። 800 ሴንቲሜትርን ለ2 ያካፍሉ፤ 400 ይመጣል። የአራት መቶ ዓመት ውጥረት በጥቂት ሳምንት ተለቀቀ ማለት ነው። ይህን ያሰላ ልጅ «በዓመት 2 ሴንቲሜትር» ማለት በየቀኑ እኩል መንሸራተት እንዳልሆነ ይገባዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አኒሜሽኑ ከምድር ቅርፊት በታች ያለውን ማንትል እንደሚንተከተክ ቀይ ሾርባ ነው የሚስለው። ማንትል በአብዛኛው ጠጣር ዓለት ነው፤ የሚፈሰው እጅግ በዝግታ ነው። ምስሉን አቁመው ካላረሙት ልጆቹ ሾርባውን ይዘው ይመረቃሉ።

የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ምስል ሲመጣም ከድሬ ወደ ሐረር ከሚወጣው የደንገጎ አቀበት ጋር ያያይዙት። ድሬ 1,200፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ሚኒባሱ የሚወጣው ያው ጠርዝ ነው።

ጥያቄ (መምህርት፣ ሐረር)፦ የወቅቶች ፊልም ባሳየሁ ቁጥር ክፍሉ ይምታታል።

ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ የትርጉም ነው። ፊልሙ ሰኔ ላይ «ሰመር» ሲል እኛ «በጋ» ብለን እንተረጉማለን፤ ልጁ ግን ሰኔንና ሐምሌን የሚያውቀው በክረምት ነው። የኛ በጋና ክረምት የተሰየሙት በዝናብ ነው፣ የነሱ በፀሐይ ከፍታ። «ሞቃት ወራት»፣ «ቀዝቃዛ ወራት» ይበሉት።

ሁለተኛው ሥዕሉ ነው። ምህዋሩ ከጎን ስለሚታይ እንደ እንቁላል ይረዝማል፤ ልጁም ሙቀቱ ከቅርበት የመጣ ይመስለዋል። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፤ በጣም የምትርቀው ሰኔ መጨረሻ፣ 152 ሚሊዮን። ሰሜኑ የሚበርደው በቀረበችበት ጊዜ ነው።

ከቁራጩ በኋላ ወደ ሜዳ ይውጡ። 1 ሜትር ዘንግ በቱምቢ አቁሙ፤ 1 ዲግሪ ብቻ ቢያዘም 1.7 ሴንቲሜትር የሐሰት ጥላ ይሰጣል። በእኛ አካባቢ ፀሐይ ከፍ የምትለው ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ነው። ታኅሣሥ 13 ጥላው ወደ ሰሜን 65 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል። ሚያዝያ 7 አካባቢ ይጠፋል። ሰኔ 14 ወደ ደቡብ ዞሮ 25 ሴንቲሜትር ይሆናል። አውሮፓ የተቀረጸ ፊልም የቀትር ጥላን ምንጊዜም ወደ ሰሜን ነው የሚያሳየው፤ ወደ ደቡብ የሚዞረውን ጥላ የሚያገኙት ከእንዲህ ያለ ፊልም ሳይሆን ከኛው ግቢ ነው። ነሐሴ 22 አካባቢም ጥላው ይጠፋል፤ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው።

ጥያቄ፦ የጠፈር ፊልሞች ላይ ምን ይታረም?

ርቀቱና ድምፁ። ጠፈር ውስጥ ፍንዳታ አይሰማም። ለርቀቱ ቁጥር 5 ኳስና 6 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ መንደሪን ያዙ፤ ኳሱ ምድር፣ መንደሪኑ ጨረቃ። ተማሪው ጨረቃ በዚህ ልኬት ትሆናለች ብሎ የሚያስብበት ቦታ ላይ መንደሪኑን ይዞ ይቁም በሉት፤ አብዛኛው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ይቆማል። ትክክለኛው 6.6 ሜትር ነው፣ ከሰሌዳው እስከ ኋላ ወንበር ማለት ነው። በዚሁ ልኬት ፀሐይ 24 ሜትር ስፋት ኖሯት 2.6 ኪሎ ሜትር ላይ ትቀመጣለች፤ ባጃጅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ (መምህር፣ ከዚራ)፦ ፕሮጀክተሩ ከሰዓት በኋላ በራሱ ይጠፋል።

ይሞቃል፤ ድሬ ነው። የአየር ማስገቢያ ወንፊቱን አውጥተህ አቧራውን በየሳምንቱ አራግፍ፣ ከግድግዳ 30 ሴንቲሜትር አርቀው፣ ጨርቅ ላይ አታስቀምጠው። አምፖል ያለው ዓይነት ከሆነ ማራገቢያው ሳይቆም አትንቀለው። መብራት በድንገት ከሄደም ሳይቀዘቅዝ መልሰህ አትክፈት፤ 15 ደቂቃ ጠብቅ። ላፕቶፑን ሞልተህ ግባ፣ ፊልሙም ኢንተርኔት ላይ ሳይሆን ፍላሽ ላይ ይሁን።

ጥያቄ (መምህርት፣ ለገሀሬ)፦ ስለ ደለል ድንጋይ ቁራጭ አሳየሁ፣ ምንም አልመሰላቸውም።

የድሬ ዙሪያ ኮረብታ የኖራ ድንጋይ ነው፣ በጥንት ባሕር ወለል የተነጠፈ፤ ሲሚንቶ የሚሠራበትም እሱ ነው። አንድ ቁራጭ ኖራ ድንጋይና አንድ ጥቁር ባዛልት አምጪ፣ ሁለቱንም በሚስማር ፋቂና ዱቄቱ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጊ። ኖራው ይፍለቀለቃል፣ ባዛልቱ ዝም ይላል። ሳይፈቅ የተሞከረ ደረቅ ድንጋይ ላይ ምላሹ ደካማ ስለሚሆን ብዙ ሰው «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። ባዛልቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ነጭ ነጠብጣብ ካለ እሱም ሊፈላ ይችላል፤ ካልሳይት ነው፣ የኖራ ድንጋዩ ማዕድን ራሱ፤ ንጹሑን ፊት ምረጪ።

ጥያቄ፦ የጎርፍ ቁራጭ ለድሬ ልጆች ላሳይ?

የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ቤተሰቡ ያየበት ልጅ ክፍልህ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የሰው ጩኸትና አስከሬን ያለበትን ቁረጠው። ደረቅ አሸዋ ላይ የውሃው ግንባር ሲደርስ የሚያሳየው 40 ሰከንድ ይበቃል፤ ዝናቡ ደጋው ላይ ሲጥል ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ወንዙ ለምን እንደሚሞላ ከዚያ አስረዳ።