ደረጃችን የእንግዳ ማረፊያ ሆነብን፤ ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስንኖር አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከእኛ በላይ ያሉ ሁለት ቤቶች በኢንተርኔት ለእንግዳ በቀን ይከራያሉ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሻንጣ ደረጃውን እየመታ ይወጣል፣ የታችኛው የብረት በር ክፍት ያድራል፣ በፈረቃ የምናገኘው ውኃ ከሮቶው በአንድ ቀን ያልቃል። አሁን ደግሞ ፊት ለፊታችን ተከራይታ የምትኖረው መምህርት «ለእንግዳ ላደርገው ስለሆነ በወሩ መጨረሻ ልቀቂ» ተብላለች። ውሏ ገና ዓመት አልሞላውም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከመምህርቷ ልጀምር፤ ቀን የተቆረጠባት እርሷ ናትና።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። አከራይ ከዚያ በፊት ውሉን የሚያቋርጠው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። ኪራይ አለመክፈል አንዱ ነው፤ «በቀን ባከራየው ይሻለኛል» የሚል ግን የለበትም። ስለዚህ ቁልፍ አታስረክብ፣ የመልቀቂያ ወረቀት አትፈርም፣ ኪራዩንም በባንክ መክፈሏን ትቀጥል፤ ደረሰኙ ጋሻዋ ነው። ውሉ በወረዳው ሳይመዘገብ ቀርቶ ከሆነም ይህንኑ ታሳውቅ፤ ማስመዝገብ የአከራዩም ግዴታ ነው።

ወደ እናንተ ስመጣ፣ ባለቤቶቹ «በገዛ ቤቴ ማን ያገባዋል?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱ ቀላል ነው፤ ከሁለት አንዱን ይምረጡ። ቤቱ መኖሪያ ነው ካሉ የሁለት ዓመቱ ሕግ ይይዛቸዋል። የእንግዳ ማረፊያ ነው፣ ያ አዋጅ አይመለከተንም ካሉ ደግሞ አንሶላ እየቀየሩ በአዳር ማስከፈል ንግድ ነውና በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ግብሩም የቤት ኪራይ ገቢ ከሚታይበት ሠንጠረዥ «ለ» ወጥቶ የንግድ ገቢ ወደሚታይበት ሠንጠረዥ «ሐ» ይሄዳል። በመኖሪያ ስም እየነገዱ ከሁለቱም ግዴታ ማምለጥ ግን አይፈቀድም። ጥቆማችሁን በጽሑፍ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቅርቡ።

ጩኸቱን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ወሰን ባለፈ ድምፅ፣ ጭስ ወይም መጥፎ ሽታ ጎረቤቱን እንዳያስቸግር ይከለክላል። በይዞታችሁ ላይ ለሚደርስ ሁከትም በአንቀጽ 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይቻላል፤ ሁከቱ ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ካለፈ ግን መብቱ ይታገዳል። ከዛሬ ጀምሮ በደብተር ጻፉ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በሩን ክፍት ሆኖ ያገኘውን ሰው፣ ሮቶው ያለቀበትን ዕለት። ዳኛ ፊት ከአሥር ሰው ምሬት ይልቅ እንዲህ ያለ ደብተር ይረዳችኋል።

ይሁንና ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ማኅበራችሁን ተጠቀሙበት። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የተቋቋመው የባለቤቶች ማኅበር የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ጠቅላላ ጉባኤ ጠርታችሁ ደንቡ ውስጥ አስገቡት፦ እንግዳ በጥበቃው መዝገብ ይፈርም፣ የባለቤቱ ስልክ ጥበቃው ዘንድ ይኑር፣ ለውኃና ለጽዳት ተጨማሪ መዋጮ ይከፈል። ኒው ዮርክ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው ከተማው ዘንድ እንዲመዘገብና ከእንግዳው ጋር አብሮ እዚያው ቤት እንዲያድር ታስገድዳለች።

ከእንግዶቹ ጋር ግን አትጣሉ። ለአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ የመጣውም ሆነ እናቱን ሊያስታምም ከውጭ የገባው ወገናችን ምንም አላጠፋም። አንድ ክፍሏን ለእንግዳ ሰጥታ ጡረታዋን የምትደጉም ባለቤትም ጠላታችሁ አይደለችም፤ እርሷ ቤቷ ውስጥ አለች፣ በሩም ሲንኳኳ ትከፍታለች። እኔን የሚያሳስበኝ ባለቤት የሌለበት ቤት ሲበዛ ነው። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተክል፣ ኮሙናሉ ውስጥ እንጀራ የሚጋግር፣ የእድር ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍል ሰው ከየደረጃው አንድ በአንድ ይጎድላል።

መምህርቷ ግን ጉባኤውን አትጠብቅ። ነገ ጠዋት ውሏንና ደረሰኞቿን ይዛ ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ትሂድ፤ እርስዎም አብረዋት ይሂዱ።