የምክር አምድ፦ ጉባኤው ንስሐ ገባ፤ የእኔን ድስት ግን የከፈተው የለም

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጸጋና ሰላም ይብዛልዎት። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ባለትዳርና የልጆች እናት ስሆን፣ በአንድ የወንጌል አማኞች ጉባኤ ውስጥ በመስተንግዶ ክፍል ለዓመታት አገልግያለሁ። ትውልዴ በጣና ዳር ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ ነው፤ አባቴ ደንገል እያጨደ ታንኳ ይሠራ ነበር። አያቶቻችን ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ከእኛ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥን ሲጸየፍ እንደኖረ የአካባቢው ሰው ያውቃል። በእኔ ዕድሜ የጉማሬ ሥጋ ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ መጸየፉ ግን አብሮን አለ።

ጌታን ስቀበል ካጽናኑኝ ነገሮች አንዱ የጉባኤያችን መልክ ነበር። ጎጃሜው፣ ጎንደሬው፣ አዊው፣ ከወላይታና ከሀዲያ ለሥራ የመጣው፣ የወለጋው ሰው፣ በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩ ጥቂት ሕንዳውያን ሳይቀሩ በአንድ አዳራሽ እናመልካለን። በዓመት አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በወላይትኛና በአዊኛ የሚዘመርበት እሑድም አለን።

ባለፈው ዓመት የምስጋና ቀን እያንዳንዳችን ከቤታችን ምግብ ይዘን ስንሄድ፣ እኔ የቀረሶ አሣ ወጥ ሠርቼ አቀረብሁ። የሌሎቹ ድስት ተጠርጎ ሲያልቅ የእኔ ከነክዳኑ ወደ ቤት ተመለሰ። በሳምንቱ የመስተንግዶው ኃላፊ እኅት ጠርታኝ፣ «ሰው እንዳይሰናከል ለጊዜው ከማዕድ ቤት ወጥተሽ አዳራሽ በማጽዳት ብታገለግይ ይሻላል» አለችኝ። የባሰ ያመመኝ ግን የቤት ኅብረታችን መሪ ነው። ከደቡብ የመጣ ወንድም ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ በትውልዱ ሲሰደብ አብረነው አልቅሰናል። የዚያን ዕለት ሳህኑን አሳልፎ «አሣ አይስማማኝም» ያለኝ ሰው፣ ብዙም ሳይቆይ በሌላ አባል ቤት አሣ ሲበላ አየሁት።

ከወራት በኋላ ጉባኤው የጾምና የንስሐ ሳምንት አወጀ። ሽማግሌዎቹ መድረክ ላይ ተንበርክከው፣ «ጌታ ሆይ፣ በዘር ተለያይተን ማንንም አስቀይመን እንደሆነ ይቅር በለን» ብለው አለቀሱ፤ ጉባኤውም አለቀሰ። እኔን ቀርቦ ያናገረኝ ግን የለም፤ አሁንም አዳራሽ እጠርጋለሁ። ለቤት ኅብረት መሪያችን ይህን ብነግረው፣ «ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ገብታለች፤ አንቺ ካልተውሽው ምሬት ይዞሻል፤ ጸሎትሽም ይከለከላል» አለኝ። ባለቤቴ ሌላ ጉባኤ እንፈልግ ይላል።

ያ ልቅሶ ንስሐ ነበር ወይ? ይቅር ማለት አቅቶኝ ኃጢአት እየሠራሁ ይሆን? ብንወጣስ?

የእርስዎ እኅት፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ውድ እኅቴ፣

በመጀመሪያ፣ ጸሎትዎ ይከለከላል ያለዎት ወንድም ይህን የመናገር ሥልጣን የለውም፤ የጉዳዩ አንዱ ወገን እርሱ ራሱ ነውና። የበደለ ሰው ተበዳዩን «ካልተውሽው ኃጢአተኛ ነሽ» ሲል፣ ይቅርታን በደሉን መዝጊያ እያደረገው ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ ጉባኤዎ የገጠመው ነገር በአዲስ ኪዳን ውስጥ ስም ያለው ታሪክ ነው። ገላትያ 2፥11-14ን ያንብቡ። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ከሆኑ አማኞች ጋር ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ከአሕዛብ ጋር መብላትን የሚነቅፉ አይሁዳውያን ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ፤ በርናባስም ሳይቀር ተከተለው። እንግዲህ ጴጥሮስ ትምህርቱ ጎድሎት እንዳልነበር ልብ ይበሉ። በኢዮጴ ራእይ አይቶ፣ በቆርኔሌዎስ ቤት እግዚአብሔር ለሰው ፊት እንደማያዳላ የሰበከው እርሱ ነው። ከማዕዱ ያራቀው የሰው ዓይን ነው። ጳውሎስም ነገሩን እንደ ተራ የጠባይ ጉድለት አላየውም፤ «ከወንጌል እውነት ጋር በቅንነት አልሄዱም» አለ፤ በሁሉም ፊትም ገሠጸው። እኛ የወንጌል አማኞች የምንቆምበትን ቃል፣ ማለትም ሰው በሕግ ሥራ ሳይሆን በኢየሱስ ክርስቶስ በማመን እንደሚጸድቅ የሚናገረውን ገላትያ 2፥16ን፣ ጳውሎስ የጻፈው ይህንኑ የማዕድ ጠብ ተረኮ ሳይጨርስ ነው። ከነገደ ወይጦ የመጣች እኅት በእምነት ጸድቃለች እያለ የሠራችውን ወጥ የሚጸየፍ ጉባኤ፣ ይህን ቃል በአፉ ይዞ በእጁ እየገፋው ነው ብዬ አምናለሁ።

የደቡቡ ወንድም ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በአገራችን እንዲህ ያለው መገለል የጣና ዳር ብቻ አይደለም፤ በከፋ ማንጆ የሚባሉት፣ በወላይታም ሸክላ ሠሪዎቹ ከጎረቤቶቻቸው ማዕድ ተለይተው ኖረዋል፤ ከዚያ አካባቢ የመጣ ሰውም ታሪኩን አያጣውም። በሰው አገር ሲሰደብ የኖረ ሰው ደግሞ የከተማውን ልማድ ከሌሎች አብልጦ ለመጠበቅ ሲጥር ይታያል፤ ባለአገሩ የሚጸየፈውን አብሮ ከተጸየፈ እንደ ባለአገር የሚቆጠር ይመስለዋል። ይህን የምጽፈው ልቡን እንዲረዱለት እንጂ ጥፋቱን እንዲያቃልሉለት አይደለም። «አሣ አይስማማኝም» ያለው ውሸት ነውና፣ ለእርሱም የሚናዘዘው ነገር አለው።

ያ ልቅሶ ንስሐ ነበር ወይ ላሉት፣ በእግዚአብሔርና በእያንዳንዱ ሰው መካከል ያለውን እኔ አልዳኝም። ከእርስዎ ጋር በተያያዘ ግን ገና አልተጀመረም። «ማንንም አስቀይመን እንደሆነ» የሚል ጸሎት በዳይም፣ ተበዳይም፣ በደልም የለውም። በዘኍልቁ 5፥6-7 ባልንጀራውን የበደለ ሰው የሠራውን ኃጢአት እንዲናዘዝ፣ የወሰደውን እንዲመልስ፣ በላዩም አምስተኛ እጅ እንዲጨምር ታዝዟል። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ ሲቀበል የገባው ቃል የገንዘብ ነበር፤ የበደለውን ሰው አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ከእርስዎ የተወሰደው ገንዘብ አይደለም፤ በማዕድ ቤት የነበረዎት ቦታና በጉባኤ ፊት የነበረዎት ክብር ነው። ስለዚህ የሚመለሰውም ይኸው ነው። «ለጊዜው» የተባለው ውሳኔ በግልጽ መሻር አለበት፤ ለምን እንደተወሰነም ሽማግሌዎቹ በተንበረከኩበት በዚያው መድረክ ላይ መናገር ይገባቸዋል። «ሰው እንዳይሰናከል» የሚለው ምክንያትም ተገልብጦ የገባ ነው፤ ጌታ ስለ መሰናክል ሲያስጠነቅቅ የጠበቀው ታናናሾቹን እንጂ የሚጸየፏቸውን ሰዎች አይደለም።

በእርግጥ ይቅርታ ትእዛዝ ነው፤ በዚህ ላይ ላባብልዎት አልፈልግም። በቀልን መተው፣ ክፉ አለመመኘት፣ ስለ እነዚህ ሰዎች መጸለይ ዛሬም ከእርስዎ ይጠበቃል፤ የእነርሱን ንስሐ እስኪያዩ የሚቆይ አይደለም። ነገር ግን ሉቃስ 17፥3 «ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፥ ቢጸጸትም ይቅር በለው» ሲል ተግሣጹንም ያዘዘው ያው ጌታ ነው። ዮሴፍም ወንድሞቹን አልተበቀላቸውም፤ ማንነቱን የገለጠላቸው ግን ይሁዳ በብንያም ፈንታ ባሪያ ልሁን እስኪል ድረስ ከመረመራቸው በኋላ ነው። ልብዎን ከቂም አጽድተው ሳለ ነገሩ እንዲስተካከል ቢጠይቁ ምሬት አይደለም።

ስለዚህ በማቴዎስ 18፥15-17 ቅደም ተከተል ይሂዱ። አስቀድመው የቤት ኅብረት መሪውን ለብቻው ያነጋግሩት፤ ስለ ጉባኤው ሳይሆን ስለዚያች ሳህን ብቻ። ከመስተንግዶው እኅትም ጋር እንዲሁ ያድርጉ፤ ምናልባት ትእዛዝ ፈጻሚ ሆና ነበር፣ ምናልባትም ስታፍር ከርማለች። ካልሰሙዎት ወደ ሽማግሌዎች ሲሄዱ የሆነውን ከነቀኑ፣ የተባለውን ከነቃሉ፣ የሚጠይቁትንም በአንድ ወረቀት ጽፈው ይያዙ። የሐዋርያት ሥራ 6ን ጠቅሰው ማሳሰብ ይችላሉ፦ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎች መበለቶቻችን በዕለታዊው ማዕድ ችላ ተባሉ ብለው ሲያንጐራጕሩ፣ ሐዋርያቱ ዝም በሉ አላሏቸውም፤ ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ የተመረጡትም ሁሉ የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። በአራት ቋንቋ የሚዘምር ጉባኤ ከዚህ የሚማረው አለ፤ ለመሆኑ ከሽማግሌዎቹ መካከል ከሐይቁ ዳር የመጣ ሰው አለ?

ስለ መውጣት፣ ባለቤትዎ ያሰበው ነውር የለበትም፤ የሚስቱ ውርደት ያመመው ሰው ነው። ብቻ ሽማግሌዎቹ ቁርጥ ያለ መልስ ሳይሰጡ አትውጡ፤ ዝም ብላችሁ ብትሄዱ ጉባኤው «በራሳቸው ጊዜ ሄዱ» ብሎ ይጽናናል፣ ከእናንተ በኋላ የምትመጣውም የጣና ዳር ልጅ ያንኑ መጥረጊያ ትረከባለች። መልሱ እምቢታ ከሆነ፣ ወይም ወራት አልፎ መልስ ከጠፋ፣ ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ብትወጡ ኃጢአት የለበትም። ማቴዎስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይላልና፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ስትሄዱ ባለቤትዎ አብሮዎት ይግባ፤ ያን ዕለት ድስቱን ተሸክሞ ወደ ቤት የመለሰው እርሱ ከሆነም ያየውን ራሱ ይናገር።